የመዝገቡ ቀኝ ወገን፦ ክሬዲት ከባለገንዘብ ስም እስከ ሂሳብ ደንብ

በሂሳብ መዝገብ አያያዝ ክሬዲት ማለት በአንድ ሂሳብ ቀኝ ወገን ላይ የሚሰፍር ምዝገባ ነው። በግራ ወገን የሚሰፍረው ዴቢት ይባላል። ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ሲጨምሩ ክሬዲት ይደረጋሉ፤ ጥሬ ገንዘብ፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ሕንፃና ሌላውም ንብረት፣ ወጪም ጭምር፣ ሲቀንሱ ክሬዲት ይደረጋሉ። የሂሳብ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ይህን ደንብ ገና ከጅምሩ በቃሉ ይይዛል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ ግን ደንቡ ነው ከመባል ያለፈ መልስ እምብዛም አያገኝም። ዕዳ ሸክም፣ ገቢ ሲሳይ ሆነው ሳለ በአንድ ወገን መሰለፋቸው ግራ ያጋባል። ነገሩ የሚፈታው በታሪኩ ነው። ክሬዲት ሲጀመር የመደመርም የመቀነስም ምልክት አልነበረም። ከነጋዴው ዘንድ የሚፈልገው ገንዘብ ያለው ሰው፣ በሕግ አነጋገር ባለገንዘብ የሚባለው፣ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ነበር። ቁንዶ በርበሬ፣ ካዝናና የቤት ኪራይ በዚያው ቦታ መጻፍ የጀመሩት ቆይቶ ነው፤ እነሱም የገቡት እንደ ሰው ተቆጥረው ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በጣልያን ምድር ከተገኙት የባንክ መዝገቦች ሁሉ ቀዳሚው በ1211 በፍሎረንስ የተጻፈው ነው። የተረፈው ሁለት የብራና ቅጠል ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከጥፋት የዳነው የዩስቲንያኖስ የሕግ መድበል ከተጻፈበት ጥራዝ ጋር እንደ መሸፈኛ ቅጠል ተጠርዞ በመገኘቱ ነው። ዛሬ በከተማዋ በላውሬንዚያና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ጽሑፉ በላቲን ሳይሆን የአገሬው ሰው በሚናገረው ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ምዝገባ በሰው ስም ይጀምርና እገሌ ይህን ያህል ሊሰጠን ይገባል ብሎ ይቀጥላል፤ የመክፈያ ቀኑና ምስክሮቹ ይከተላሉ። ገንዘቡ ሲመለስ የተመለሰው መጠን ከዕዳው ሥር ይጻፋል። ግራና ቀኝ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ሁሉም ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንቀጽ ነው። በሰፈር ሱቅ የሚያዘው የዱቤ ደብተር ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ የደንበኛው ስም፣ የወሰደው ስኳርና ዘይት፣ የከፈለው። ባለሱቁ በካዝናው ስላለው ገንዘብ ወይም በመደርደሪያው ስለቀረው ዕቃ በዚያ ደብተር ውስጥ አይጽፍም፤ በዓይኑ ያየዋልና። መጻፍ ያለበት ከዓይኑ የራቀው፣ በሰው እጅ ያለው ገንዘብ ነው። የፍሎረንሱም ባንከር እንዲሁ ነበር።

አመዘጋገቡን የለወጠው ከባንከሮች ጠረጴዛ ኋላ በየቀኑ የሚሠራ አንድ ተራ ሥራ ነው፤ ገንዘብን ከደንበኛ ወደ ደንበኛ በጽሑፍ ማዛወር። በዚያ ዘመን ሳንቲም ዓይነቱ የበዛ፣ ጥራቱም የሚያጠራጥር ነበር፤ አንድ ትልቅ ክፍያ ቆጥሮና መዝኖ ለማስረከብ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በቬኒስ በሪያልቶ ድልድይ አጠገብ ባንከሮች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር። ከፋዩ በአካል ቀርቦ ለእገሌ ይህን ያህል አዙርልኝ ብሎ በቃሉ ያዝዛል፤ ባንከሩም መዝገቡን ገልጦ ይጽፋል። አንዲት ሳንቲም ከቦታዋ አትነቃነቅም። ባንከሩን የሚመለከተው ጉዳይ ግን ሁለት ነው፦ ለከፋዩ ያለበት ዕዳ ቀንሷል፣ ለተቀባዩ ያለበት ዕዳም በዚያው ልክ ጨምሯል። አንዱን ጽፎ ሌላውን ከረሳ ወይ ራሱ ይከስራል ወይ ደንበኛውን ይጎዳል። ስለዚህ አንዱ ድርጊት በሁለት ስም፣ አንዴ ሊሰጥ ይገባል በሚለው፣ አንዴ ሊቀበል ይገባል በሚለው ወገን ይሰፍራል። ዳብል ኤንትሪ የሚባለው ድርብ አመዘጋገብ አስኳሉ እዚህ ነው። ዴቢትና ክሬዲት እኩል መሆን አለባቸው የሚለው ሕግ ከመጽሐፍ ሊቅ የመጣ አይመስልም፤ ስህተት የገዛ ኪሱን ከሚጎዳው ሰው ልማድ የወጣ ነው።

ይህ ልማድ ከሰው ስም አልፎ ወደ ሌላው ነገር መሻገሩን የሚያሳየው የመጀመሪያው ግልጽ ማስረጃ ከ1299 እስከ 1300 የተጻፈው የጆቫኒ ፋሮልፊና ሸሪኮቹ መዝገብ ነው። ፍሎረንሳውያኑ ነጋዴዎች በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ ሳሎን ከተማ ቅርንጫፍ ነበራቸው፤ መዝገቡን የሚይዘውም አማቲኖ ማኑቺ ነበር። ከማኑቺ ሥራ ውስጥ አንዲት ምዝገባ ዛሬም የሂሳብ ባለሙያን ታስደንቃለች። ድርጅቱ ለአንድ ቤት የአራት ዓመት ኪራይ፣ በዘመኑ ገንዘብ 16 ሊቭር፣ በቅድሚያ ከፍሏል። ማኑቺ ገንዘቡን በሙሉ የዚያ ዓመት ወጪ አላደረገውም። 4 ሊቭሩን ያለፈው ዓመት ወጪ አድርጎ ቀሪውን 12 ሊቭር ገና ወደፊት የሚገኝ ጥቅም አድርጎ ወደ ቀጣዩ ዘመን አስተላለፈው። ልብ ይሏል፣ ይህ የሆነው የሂሳብ አያያዝ ማስተማሪያ መጽሐፍ ከመታተሙ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው። 4 ሊቭሩ ከቅድሚያ ክፍያው ሂሳብ ሲወጣ ክሬዲት የተደረገው ሰው አይደለም፤ ኪራይ ነው። ኪራይ ገንዘብ ተቀብሎ እንደነበረ፣ አሁን ደግሞ ከፊሉን እንደመለሰ ተቆጥሮ ተጻፈ።

እነዚህ መዝገቦች በሮማውያን ቁጥር መሞላታቸው የሥራውን ክብደት ለመገመት ይረዳል። የፒዛው ሌዮናርዶ፣ ፊቦናቺ የሚባለው፣ በ1202 በጻፈው መጽሐፍ የሕንድና የዓረብ ቁጥሮችን ለጣልያን ነጋዴዎች አስተዋውቋቸው ነበር። ሆኖም የፍሎረንስ ባንከሮች ማኅበር በ1299 አባላቱ በእነዚህ ቁጥሮች መዝገብ እንዳይጽፉ ከለከለ፤ አዲሶቹ ቁጥሮች ለማጭበርበር ያመቻሉ የሚል ሥጋት ነበርና። የድርብ አመዘጋገብ ፈልሳፊዎች ዜሮ የሌለውን ቁጥር ይዘው ነው ሁለቱን ወገን ያመዛዘኑት።

በሰሜን ምዕራብ ጣልያን የምትገኘው የጄኖዋ ከተማ አስተዳደር በ1327 የገንዘብ ያዦቹ መዝገብ በባንክ ሥርዓት እንዲጻፍ አዘዘ። ምክንያቱ በከተማዋ ገንዘብ ላይ የደረሰው ማጭበርበር ነበር። በ1339 በተነሳው ሁከት የቀደሙት መዝገቦች ተቃጠሉ። በእጅ ያለው የ1340 መዝገብ ሲሆን፣ ሁለቱን ወገን በግልጽ ጎን ለጎን አስቀምጦ በሙሉ ድርብ አመዘጋገብ የተሠራ ቀዳሚ መዝገብ ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። በላቲን የተጻፈው ይህ መዝገብ በግራ ወገን ይህን ሊሰጡን ይገባል፣ በቀኝ ወገን ደግሞ ተቀበልን እያለ ይሄዳል።

ከሂሳቦቹ አንዱ ሰው አይደለም፤ ቁንዶ በርበሬ ነው። የከተማዋ ገንዘብ ያዦች በ1340 ቁንዶ በርበሬ በዱቤ ገዙ። የግዢው ዋጋ በቁንዶ በርበሬ ሂሳብ ግራ ወገን ሰፈረ፦ ቁንዶ በርበሬ ለከተማዋ ይህን ያህል ባለዕዳ ነው እንደ ማለት። በየጊዜው ሲሸጥ የሽያጩ ገንዘብ በቀኝ ወገን ክሬዲት ሆኖ ተጻፈለት፤ ዕዳውን እየከፈለ ነውና። ሁሉም ተሽጦ ሲያልቅ ቀኙ ከግራው አነሰ። ቁንዶ በርበሬ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ አልከፈለም፤ ከተማዋ ከስራለች። የጎደለውም በቀኝ ወገን ተጽፎ ሂሳቡ ተዘጋ፣ መጠኑም የኪሳራ ሂሳብ ወደተያዘበት ገጽ ተዛወረ። በዱቤ ገዝቶ ወዲያው በጥሬ ገንዘብ በኪሳራ መሸጥ፣ ቤተ ክርስቲያን በወለድ ማበደርን በምታወግዝበት ዘመን፣ ብድር ማግኛ ዘዴ ነበር ብለው የሚያስረዱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እውነት ከሆነ በኪሳራ ስም የተመዘገበው ገንዘብ ከወለድ የሚለይ አይደለም። ለክሬዲት ታሪክ ግን ዋናው ነገር ሸቀጥ እንደ ደንበኛ ስም ተሰጥቶት፣ ተበድሮ፣ ከፍሎ፣ ዕዳውን መጨረስ አቅቶት መታየቱ ነው። ዛሬ ዕቃ ሲሸጥ የዕቃው ሂሳብ ለምን ክሬዲት ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ክሬዲት በቀኝ እንዲሆን የወሰነ ንጉሥም ጉባኤም የለም። ፔሩዚን በመሳሰሉ ታላላቅ የፍሎረንስ ድርጅቶች ዘንድ ባለዕዳዎች በመዝገቡ የፊት ግማሽ፣ ባለገንዘቦች በኋላው ግማሽ ይጻፉ ነበር። የአንድን ደንበኛ ሁኔታ ለማየት መዝገቡን ከፊት ወደ ኋላ ማገላበጥ ግድ ነው። ሁለቱን ወገን ትይዩ በሆኑ ገጾች ማስቀመጥ የቬኒስ ዘዴ ተብሎ ታወቀና፣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የቶስካና ነጋዴዎችም ተቀበሉት። ከእነሱ አንዱ የፕራቶው ፍራንቸስኮ ዳቲኒ ነው። ዳቲኒ በ1410 ሲሞት ትቶት የሄደው የንግድ ሰነድ በ1870 በገዛ ቤቱ ተገኝቷል፤ ከ500 በላይ መዝገቦችና 150,000 ያህል ደብዳቤዎች ናቸው። ከእነዚህ መዝገቦች አሮጌው አንቀጽ ቀስ በቀስ ለግራና ቀኝ ቦታውን እንዴት እንደለቀቀ መከታተል ይቻላል።

ሥርዓቱ በኅትመት የወጣው በኅዳር ወር 1494 በቬኒስ ነው። ጸሐፊው ሉካ ፓቾሊ የፍራንቸስካውያን መነኩሴና የሒሳብ መምህር ነበር፤ በወጣትነቱ በቬኒስ የአንቶኒዮ ሮምፒያዚን ልጆች እያስተማረ በነጋዴ ቤት ኖሯል። ስለ አሪትሜቲክና ጂኦሜትሪ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ 36 ምዕራፎች ያሉትን የሂሳብ አያያዝ ክፍል አካተተ። የሥርዓቱ ፈጣሪ እየተባለ መጠራቱ ስህተት ነው፤ የጄኖዋው መዝገብ ከእሱ መጽሐፍ በ154 ዓመት ይቀድማል። የራጉዛው ነጋዴ ቤኔዴቶ ኮትሩሊም በ1458 ስለ ነጋዴ ሙያ በጻፈው መጽሐፍ ድርብ አመዘጋገብን በአጭሩ ገልጾት ነበር፤ መጽሐፉ ግን እስከ 1573 አልታተመም። የፓቾሊ ባለውለታነት ሌላ ነው፦ ነጋዴ ለልጁ በጠረጴዛ ዳር ያስተምረው የነበረውን ነገር ማንም ሊያነበው በሚችል ጣልያንኛ ዘርግቶ አስቀመጠው።

እንደ እሱ አገላለጽ ነጋዴ ሦስት መጻሕፍት ይይዛል። በመጀመሪያው ማስታወሻ የዕለቱ ውሎ ሁሉ እንደመጣ ይጻፋል፤ ነጋዴው በሌለበት የቤቱ ሰዎችም ሊጽፉበት ይችላሉ። ሁለተኛው ጆርናል ነው፤ በዚህ እያንዳንዱ ድርጊት ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ተለይተው ይጻፋሉ። ሦስተኛው ሌጀር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሂሳብ የራሱ ግራና ቀኝ ያለው እዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት በመስቀል ምልክት ይለያሉ፤ እነሱ ሞልተው አዲስ ሲከፈት ሀ፣ ለ እንደሚባለው በፊደል ተራ ይሰየማሉ።

በጆርናሉ ላይ የሚጻፈው አንድ መስመር ቀረብ ብሎ ቢታይ ይጠቅማል። መስመሩ ፐር በሚል ቃል ይጀምራል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስም ባለዕዳው ነው። ከዚያ ሁለት ትናንሽ ጋደል ያሉ ጭረቶች ይሰመራሉ። ከጭረቶቹ በኋላ አ የሚል ቃል ይመጣል፤ እሱን የሚከተለው ስም ባለገንዘቡ፣ ማለትም ክሬዲት የሚደረገው ነው። ምዝገባው ወደ ሌጀር ሲገለበጥ ጸሐፊው በጆርናሉ መስመር ላይ በየተራ ሁለት መስመር ይስባል፤ አንዱን ዴቢቱን ሲያሰፍር፣ ሌላውን ክሬዲቱን ሲያሰፍር። አንድ መስመር ብቻ የተሳበበት ምዝገባ ከተገኘ ሥራው በግማሽ መቅረቱ ወዲያው ይታወቃል።

የመጀመሪያው ምዝገባ ነጋዴው ባለው ሀብት ይጀምራል። ጥሬ ገንዘቡን ከቆጠረ በኋላ በፐር ካዝናን፣ በአ ደግሞ የራሱን ካፒታል ይጽፋል። ካዝና ባለዕዳ፣ ካፒታል ባለገንዘብ ሆኑ። ባለቤቱ የገዛ ገንዘቡን ወደ ንግዱ ሲያስገባ መዝገቡ ባለቤቱን እንደ ሌላ ሰው፣ እንደ አበዳሪ ይቆጥረዋል፤ ንግዱ ያን ገንዘብ ለእሱ ሊመልስ ይገባልና። ድርብ አመዘጋገብ ከቀላሉ የዕዳ ደብተር በመሠረቱ የሚለየው በዚህ ነው። በዕዳ ደብተር ውስጥ ነጋዴው የለም፤ እሱ የሚጽፈው ሰው ነው። በአዲሱ ሥርዓት ግን ንግዱ ለብቻው ቆሞ ባለቤቱን ጭምር በባለገንዘቦች ተርታ አስገባው። ኋላ የመጡት የአክሲዮን ማኅበራት በሕግ ከባለቤቶቻቸው የተለየ ሰውነት ሲሰጣቸው፣ በመዝገብ ዘንድ ያ ልዩነት ከቆየ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር።

የገቢም እንቆቅልሽ የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው። ሸቀጥ ተሸጦ የተገኘው ትርፍ ወደ ትርፍና ኪሳራ ሂሳብ ቀኝ ወገን ይገባል። በመዝገብ መዝጊያ ላይ የዚያ ሂሳብ ልዩነት ወደ ካፒታል ይዛወራል፤ ትርፍ ከሆነ በካፒታል ቀኝ ወገን ይጨመራል። ትርፉ የባለቤቱ ነው፤ ንግዱ ለባለቤቱ ያለበት ግዴታ አድጓል። ገቢና ዕዳ በአንድ ወገን የሚገኙት ለዚህ ነው፦ ሁለቱም ንግዱ ለሰው የሚጠየቅበትን ያሳድጋሉ፤ አንዱ ለውጭ ሰው፣ ሌላው ለባለቤቱ። ወጪ ደግሞ የባለቤቱን ድርሻ ስለሚቀንስ በተቃራኒው በግራ ይሰፍራል። ፓቾሊ መዝገቡ ሲዘጋ የሁሉም ሂሳቦች ዴቢት በአንድ ወረቀት ግራ፣ የሁሉም ክሬዲት በቀኝ ተደምሮ ድምሮቹ እንዲነጻጸሩ ያዝዛል። ዛሬ የሙከራ ሚዛን የሚባለው ሥራ አባት ይህ ነው።

ሥርዓቱ ከቬኒስ ወደ ሰሜን ያደረገው ጉዞ በአመዛኙ የመጽሐፍ ጉዞ ነበር። የአንትወርፑ ነጋዴ ያን ይምፒን ያዘጋጀው መጽሐፍ እሱ ከሞተ በኋላ ባለቤቱ አና ስዊንተርስ በ1543 በደችና በፈረንሳይኛ አሳተመችው። በለንደንም በዚያው ዓመት የሂዩ ኦልድካስል፣ በ1553 የጄምስ ፒል መጻሕፍት ወጡ። በፈረንሳይ የ1673 ድንጋጌ ነጋዴዎች መዝገብ እንዲይዙ አስገደደ።

ካዝናና ቁንዶ በርበሬ ባለዕዳ ናቸው የሚለው አነጋገር ለጣልያኑ ነጋዴ ልጅ ቀላል ነበር፤ በመጽሐፍ ብቻ ለሚማር እንግዳ ሰው ግን ከበደ። ስለዚህ መምህራን ምክንያቱን እየተዉ ሕጉን ማስጠናት ያዙ። በ1795 ፈረንሳዊው ኤድሞን ደግራንዥ የነጋዴውን ሂሳቦች በአምስት ጠቅላላ ሂሳቦች ጠቅልሎ፣ የሚቀበለው ዴቢት፣ የሚሰጠው ክሬዲት ይደረግ በሚለው መርህ አስተማረ። መርሁ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ክፍል ውስጥ ይደገማል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሰጪና ተቀባይ በሌለበት ቦታ ግን፣ ለምሳሌ የማሽን እርጅና ሲመዘገብ፣ ያደናግራል። በ1880 አሜሪካዊው ቻርልስ ስፕራግ ነገሩን በአልጀብራ መልክ አቀረበው፦ ንብረት ከዕዳና ከባለቤት ድርሻ ድምር ጋር እኩል ነው። በዚህ አቀራረብ ሰዎቹ ከመዝገቡ ወጡ፤ ግራና ቀኝ የእኩልታው ሁለት ጎኖች ሆኑ። ለማስላት የተመቸ ነው። ሆኖም ክሬዲት ለምን ዕዳንም ትርፍንም እንደሚያሳድግ በቃል ለማስረዳት የቬኒሱ አስተሳሰብ አሁንም ይበልጠዋል፤ ተማሪው ቀመሩን ከመሸምደዱ በፊት ባለገንዘቡን ቢተዋወቅ ብዙ ድካም ይቀርለት ነበር።

የአውሮፓው የባንክ አመዘጋገብ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በ1905 በተደረገ ውል ተቋቁሞ በ1906 ሥራ ጀመረ። በ1960፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952፣ የወጣው የንግድ ሕግም ነጋዴዎች የሂሳብ መዝገብ እንዲይዙ ግዴታ ጣለባቸው። ዴቢትና ክሬዲት የሚሉት ቃላት በየቢሮው እንደ አማርኛ ቃል ይነገራሉ፤ ባንክ ቤቶችም ወደ ደንበኞቻቸው ስልክ በሚልኩት አጭር መልእክት ይጠቀሙባቸዋል።

ይህ መልእክት የሂሳብ ተማሪን ደጋግሞ ያሳስታል። ደመወዝ ሲገባ ሂሳብዎ ክሬዲት ተደርጓል ይላል፤ ሰውየውም ክሬዲት ማለት የገንዘብ መጨመር ነው ብሎ ይይዛል። ክፍል ሲገባ ጥሬ ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት ይደረጋል ይሉታል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተጻፉት በተለያዩ ሰዎች መዝገብ ነው። መልእክቱ የመጣው ከባንኩ መዝገብ ነው፤ ለባንኩ የተቀማጩ ገንዘብ ዕዳ ነው፤ ደንበኛው ባለገንዘብ ስለሆነ በቀኝ ይሰፍራል። ያው ደንበኛ የንግድ ድርጅት ቢሆንና የራሱን መዝገብ ቢይዝ፣ በባንክ ያለ ገንዘብ በሚለው ሂሳብ ግራ ወገን ያን መጠን ዴቢት ያደርገዋል፤ ለእሱ ባለዕዳው ባንኩ ነውና። የሂሳብ ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ ሌጀር ጋር ሲያስታርቅ የሚያነጻጽረው የባንኩን ክሬዲት ከራሱ ዴቢት፣ የባንኩን ዴቢት ከራሱ ክሬዲት ጋር ነው። ድርጅቱ በኦቨርድራፍት ካስቀመጠው በላይ ካወጣ ቦታው ይገለበጣል፦ በባንኩ መዝገብ ቀሪው ወደ ዴቢት ይዞራል፣ በድርጅቱ መዝገብም የባንክ ሂሳቡ የክሬዲት ቀሪ ይዞ በዕዳ ተርታ ይገባል።